ገብሱ እስኪደርስ

ደባርቅ አስራ አንደኛ ክፍል ስማር በእንግሊዝኛ የሚበልጠኝ አልነበረም። ልኮራበት ብዬ አይደለም የምጽፈው። ያ እንግሊዝኛ አንድ ጊዜ ብቻ ለቁም ነገር ተፈለገ፤ ያንንም አበላሸሁት።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ካድሬ ክፍላችን ድረስ መጣና፣ «የዱር አራዊት የሚያጠና ፈረንጅ መጥቷል፤ አስተርጓሚው ታሟል። ነገ ተራራ ትወጫለሽ» አለኝ። አፌን ስከፍት፣ «የአብዮቱ ግዳጅ ነው» ብሎ ዘጋኝ። የምንሄድበትን ሲነግረኝ ደግሞ ራሴ እሺ አልኩ። የአጎቴ መንደር ነበር።

መንደሩ ከደባርቅ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ተለጥፎ ገብስ ያበቅላል። ከክረምት ጀምሮ «ፓርክ ሆኗል፤ ትነሣላችሁ» ሲባሉ ነው የቆዩት፤ ቀኑን ግን የሚነግራቸው የለም። አጎቴ አልነሣም አላለም። የሚፈልገው ገብሱን አጭዶ መውጣት ብቻ ነበር። «እህሌን ይዤ ከወጣሁ ሜዳ ላይ ቢጥሉኝም እኖራለሁ» ይል ነበር። ገብሱ ገና እሸት ነው፤ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። የቸኮሉት ሴቶች ከነእርጥቡ እያጨዱ ድንጋይ ላይ ማስጣት ጀምረዋል።

ስንደርስ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ጠበቀን። ማን እንዳስወራው እንጃ፣ የተራራው ፈራጅ ፈረንጁ ነው ብለው አምነዋል። አጎቴ ከመሀል ወጣ። ትልቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ፈረንጁ ፊት ቆመ። እኛ አገር ምሕረት የሚለምን ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ፈረንጁ ወደ እኔ ዞረ። «ምን እየሠራ ነው? ቤት ሊገነባ ከሆነ እዚህ ክልክል እንደሆነ ንገሪው።»

ካድሬው ጮኸ። «ጣል ድንጋዩን! ጌታ ተሽሯል፤ ለማን ነው የምትሰግደው አንተ?» አባቱ የሚሆን ሰው ነው አንተ የሚለው።

አጎቴ ቀና ሳይል መለሰ። «ጌታ ከተሻረ፣ ጓድ፣ በቅሎውን ምነው ያዝክለት?»

እውነትም የፈረንጁ በቅሎ ልጓም ካድሬው እጅ ላይ ነበር። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ካድሬው ፊቱ ቀልቶ፣ «እንኳን ደህና መጡ እያሉ ነው በይው» አለኝ። አላልኩም። ሰዎቹ ገብሳቸው እስኪደርስ ሦስት ሳምንት እንደሚለምኑ፣ ድንጋዩም ልመና እንደሆነ አንድም ሳላስቀር ለፈረንጁ ነገርኩት።

ፈረንጁ ማሳውን አየት አደረገ። «ይህ የመንግሥታችሁ ጉዳይ ነው፤ እኔ ዋልያ ቆጥሬ ሪፖርት እጽፋለሁ እንጂ» አለኝ። ቀጠለና፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ እነዚህ ሰዎች ምን እንዳላቸው አይገባቸውም። ተራራውን አርሰው ጨረሱት። የእኛ አገር ሰው ይህን ለማየት ባሕር ያቋርጣል» አለ። እነዚህ ሰዎች ሲል እኔን ይጨምር አይጨምር ለማወቅ ፊቱን አየሁት፤ እሱ ካሜራውን እያወጣ ነበር። «ዞር ይበሉልኝ፤ ተራራውን ብቻ ነው የምፈልገው።» ሁሉም ዞር አሉ። ቆሜ ስቀር በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ እኔም ዞር አልኩ።

ወደ ካድሬው ሄድኩ። «ጓድ፣ ሦስት ሳምንት ምንድን ነው?»

«እኛ ምን እናድርግ? ሰው ያለበት ፓርክ ፓርክ አይባልም ያሉት እነሱ ናቸው፤ እርዳታው የሚመጣው በእነሱ በኩል ነው» ብሎ የፈረንጁን ሻንጣ ተሸክሞ ወደ ገደሉ አፋፍ ተከተለው።

አንዱ መንግሥት ነው አለ፤ አንዱ ፈረንጅ ነው አለ። እኔ መሀል ቀረሁ። አጎቴ ድንጋዩን አላወረደም፤ ላቡ ጢሙ ላይ ይንጠባጠባል።

«ምን አለ፣ ልጄ?»

ለመምህር፣ ለቄስ፣ ለአባቴም ቢሆን የመጣልኝን የምናገር ነኝ። ያን ጊዜ ግን አልቻልኩም። «ገብሱ እስኪደርስ ቆዩ ብሏል» አልኩት።

ድንጋዩን አወረደ። ሚስቱ ግን ተጠራጠረች፤ ማጭዷን እንደያዘች፣ «እንዲህ በቀላሉ?» አለች።

«እሷ ናት እኮ የነገረችን» አላት። «ይህች ልጅ ብትፈልግም መዋሸት አትችል።»

ሴቶቹ ማጨዱን ተዉት።

በዘጠነኛው ቀን ታጣቂዎች መጡ። ከብትና ቁርበት፣ ልጅና ቅል፣ ሰዎቹ በእጅ የሚያዘውን ያህል አወጡ፤ ጣሪያው ላይ እሳት ተለቀቀ። ገብሱን ጭላዳ ዝንጀሮ በላው። ከሁሉም ቀድማ ማጨድ የጀመረች አንዲት መበለት ብቻ አንድ ስልቻ እህል ይዛ ደባርቅ ገባች። እሷን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

አጎቴ አሁን ደባርቅ፣ አባቴ ግቢ ባስጠጋነው ዳስ ውስጥ ይኖራል። የሰው እንጨት ይፈልጣል። ያገኘውን ሁሉ ይዞ፣ «ፈረንጁ አታለለን» ይላል። ባለፈው ሳምንት የእርዳታ ስንዴ ተሰጠው። ጆንያው ላይ የተጻፈውን እንዳነብለት ጠራኝ።

«ከየት ነው የመጣ?»

አነበብኩለት። የዚያ ፈረንጅ አገር ነበር።

ጆንያውን በመዳፉ ደባበሰው። «በገብሳችን ምትክ ስንዴ ላከልን በያ! ታዲያ ምን ብሎ ነው ያን ቀን የዋሸን?»

ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ። «አጎቴ፣ እሱ አልዋሸም። ቆዩ አላለም። እኔ ነኝ የዋሸሁ።»

እጁን ከጆንያው ላይ አነሣ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

«አንቺ ደግሞ መቼ መዋሸት ታውቂያለሽ» አለ ፊቱን አጥቁሮ፤ «ትምህርት ቤት የላክንሽ ለፈረንጅ ጥብቅና እንድትቆሚ ነው?»

ጆንያውን ይዞ ወደ ዳሱ ገባ። ይኸው ዛሬም አያናግረኝም።