አድማሱ ከደጅ የቆሙበት ጉባኤ

አድማሱ ከአርብ ገበያ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ ሠላሳ ዓመት ብረት ቀጥቅጠዋል። የአካባቢው ማረሻ ሁሉ በእጃቸው አልፏል። ከቤታቸው ውኃ የጠጣ ገበሬ ግን አልነበረም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ስለሚባል፣ ሰው ማረሻውን አጥራቸው ላይ ሰቅሎ ይሄዳል፤ ሲሾል ከዚያው ያነሣል።

ከአምስት ዓመት በፊት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የብየዳ ማሽን ከነጄኔሬተሩ በእርዳታ አገኘ። በደንቡ መሠረት ማሽኑን የሚጠቀመው አባል ብቻ ነው፤ አባል ለመሆን የቀበሌው ነዋሪ መሆን ይበቃል። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊ ነበርሁ። አድማሱ አመለከቱ። ክንዳቸው ደክሞ ነበርና ያለ ማሽኑ ሥራው የሚቀጥል አልነበረም።

አባልነት የሚጸድቀው አመልካቹ በጉባኤው ፊት ሲፈርም ነው። ጉባኤው የተጠራው ኅዳር ሃያ አንድ፣ በሊቀ መንበሩ በአቶ ቀለመ ወርቅ ቤት ነበር። የጽዋው ማኅበርተኞችም የኅብረት ሥራው አባላትም እነዚያው ሰዎች ስለሆኑ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን መጨረስ ልማድ ነው። ጽዋ ባለበት ቤት ደግሞ ቀጥቃጭ አይገባም። ይህን ማናችንም አላሰብነውም።

አድማሱ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው ከበሩ ውጭ ቆሙ።

«ምነው አድማሱ፣ ዛሬ እኮ ማረሻ የያዘ የለም» አለ አንዱ። ተሳቀ።

«ልፈርም ነው የመጣሁ፣ ጋሼ ቀለመ ወርቅ።»

«ጽዋው ይነሣና ትገባለህ። ታገሥ።»

«ወረቀቱን ወደ ውጭ ቢያወጡልኝስ?»

አቶ ቀለመ ወርቅ ወደ እኔ ዞሩ። ደንቡ «በጉባኤው ፊት» ይላል አልኋቸው።

ጽዋው ሳይነሣ ጉባኤው አለቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ ከአድማሱ ስም አንጻር «አልተገኙም» ብዬ ጻፍሁ።

በጥር አድማሱ ወናፋቸውን በአህያ ጭነው፣ የብየዳ ማሽን የሚያከራይ ሰው ወዳለበት ወደ ንፋስ መውጫ ከተማ ሄዱ። ማሽኑን የሊቀ መንበሩ ወንድም ተረከበ፤ ሦስት ማረሻ አቃጥሎ ቆለፈበት። ገበሬው ማረሻ ለማስቀጥቀጥ ንፋስ መውጫ ሲመላለስ ገብሱ ዘግይቶ ተዘራ፣ ውርጭ መታው። ሪፖርቱ ላይ ለምርቱ መቀነስ ምክንያቱ «የአየር ጠባይ» ነው ብዬ ሞላሁ። የሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ሆነ።

አድማሱ ባለፈው መጋቢት ዐረፉ። ባለቤታቸው ደጊቱ መጥተው ነገሩኝ።

«ከእኛ ቀበሌ ለቀብሩ የመጣ ሰው ነበር፣ እትዬ ደጊቱ?»

«ሁለት ነበሩ። ማረሻ ሊያስቀጠቅጡ የመጡ ናቸው። ሞቷል አልኋቸው።»

«ምን አሉ?»

«ሌላ ቀጥቃጭ ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። አላውቅም አልሁ። ብረታቸውን ይዘው ሄዱ።»