ከቅጥሩ ውጭ የሚቀረው ሾፌር

ቬሊሻ የአውቶቡስ መሪ ከያዘ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከሚኖርባት ከኒክሺች ተነስቶ ያልነዳበት አቅጣጫ የለም፤ ገዳም ተሳላሚውንም፣ የሠርግ አጃቢውንም፣ ተማሪውንም አመላልሷል። ከድንበር ማዶ ባሕር ዳር ወዳለችው ዱብሮቭኒክ ሲነዳ ግን አንድ ልማድ ነበረው። መንገደኞቹን ከጥንታዊው ከተማ ትልቅ በር ፊት ለፊት ያወርድና የመመለሻውን ሰዓት ሁለት ጊዜ ነግሯቸው አውቶቡሱን ወደ ወደቡ ማቆሚያ ይወስዳል። እዚያ ሚስቱ የቋጠረችለትን ዳቦና አይብ በልቶ፣ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ካርታ ተጫውቶ፣ ሲደክመው ኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ቀኑን ይገፋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ጥንታዊውን ከተማ የከበበውን የድንጋይ ቅጥር አልፎ ገብቶ አያውቅም።

«አንተ ሰው፣ ዓለም ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን ከተማ አንተ ደጁ ድረስ እየመጣህ ትመለሳለህ?» ይሉታል ሾፌሮቹ።

«ድንጋይ ለማየት ነው? ድንጋይማ እኔም ደጅ ሞልቶ ተርፏል» ይላቸዋል። ይስቃሉ፤ ነገሩም በዚያው ያልፋል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ቬሊሻ ግን ከወጊዎቹ ወገን ሆኖ ሳለ አልረሳም።

ሃያ ዓመቱ ነበር ዱብሮቭኒክን ለሚከበው ጦር ክተት ሲታወጅ። የብሔራዊ ውትድርናውን ጨርሶ ከተመለሰ ገና ዓመት አልሞላውም። የመንደሩ ወጣቶች ሱቁ ፊት ተሰብስበው የሚጭናቸውን መኪና ሲጠብቁ፣ ግማሾቹን ጂኦግራፊ ያስተማረቻቸው እትዬ ሚሉሻ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች መጥታ መሐላቸው ቆመች።

«ልጆች፣ እዚያ ከተማ ውስጥ ያለው ሰው ምን አደረጋችሁ?» አለቻቸው። «ከመሐላችሁ አንዱን እንኳ በስም የሚያውቅ አለ?»

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድያ ልጇ ኦግኔን ከእነሱ ጋር አለመኖሩን ያን ጊዜ ነው ልብ ያሉት። ከሳምንት በፊት ወደ ስዊድን ልካዋለች። መኪናው ያን ቀን አልመጣም፤ በማግሥቱ የአጥሯ በር ላይ በቀይ ቀለም «ከሃዲ እዚህ ይኖራል» ተብሎ ተጻፈ። ብሩሹን የያዘው ቬሊሻ ነበር። እሷም ጽሑፉን አልፋቀችውም፣ አላስቀባችውም፤ ዝናብና ፀሐይ ቀስ በቀስ እስኪያደበዝዙት ድረስ እዚያው ኖረ። ቬሊሻ ከዘመቻ ከተመለሰ በኋላ በዚያ በኩል የሚያቋርጠውን መንገድ ትቶ ዙሪያውን መሄድ ጀመረ።

ሁለት ወር ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ላይ የሞርታር ቅምቡላ ተሸክሟል። መኮንኑ ቁጥር ይጠራል፣ አንዱ አፈሙዙን ያስተካክላል፣ እሱ ያቀብላል። የት እንደሚወድቅ አያይም ነበር። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ግን ሰማዩ ጠርቶ ከታች ያሉት ጣሪያዎች አንድ በአንድ ታዩት፤ ከመሐላቸውም ጭስ ሲነሣ አየ። እጁ ግን ማቀበሉን አላቆመም። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ዴሳ ገና ሲተጫጩ «ምን ነበር ሥራህ?» ብትለው «የዳቦ መኪና ነበር የምነዳው» አላት። ልጃቸው ቴዎዶራም አባቷ ዳቦ ሲያመላልስ እንደነበር አምና አደገች።

ባለፈው ግንቦት የኒክሺች ጡረተኞች ማኅበር ለአንድ ቀን ጉብኝት አውቶቡሱን ተከራየ። ቬሊሻ በሩ ላይ ቆሞ አሮጊቶቹን በክንዳቸው እየደገፈ ሲያሳፍር፣ ከሁሉም ኋላ እትዬ ሚሉሻ ምርኩዟን ይዛ መጣች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ክንዱን ይዛ ወጣችና ከጀርባው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እንደምን አደርክ?» አለችው።

«እትዬ ሚሉሻ!» ብሎ ጮኸ ከኋላ ፔርኮ የሚባለው ጡረተኛ ፖስተኛ። «ዛሬም ፈተና አለ እንዴ?»

«ላንተ ደግሞ ምን ፈተና ያስፈልጋል፣ ፔርኮ? የሚፈተነውኮ የማለፍ ተስፋ ያለው ነው።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ቬሊሻ ግን እስከ ድንበር ድረስ ማጅራቱ ላይ የሆነ ነገር እንዳረፈበት ሁሉ ወደ ውስጠኛው መስታወት ቀና ብሎ አላየም።

ከትልቁ በር ፊት ሁሉም ወርደው ሲያልቁ እትዬ ሚሉሻ ደረጃው ሥር ቀረች።

«ቬሊሻ፣ እኔ ያንን ቅጥር ብቻዬን አልወጣውም። ክንድህን አውሰኝ።»

«እትዬ፣ እዚህ መኪና ማቆም ክልክል ነው። ይቀጡኛል።»

«ወስደህ አቁምና ተመለስ። እኔ እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ እጠብቅሃለሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁ ሰው ግማሽ ሰዓት አይገድለኝም።»

ወደ ወደቡ ሲነዳ አለመመለስ ይቻላል ብሎ አስቦ ነበር። ጎማ ፈነዳ ይላል፤ ፖሊስ ያዘኝ ይላል። ግን ያቺ ሴት ነጭ የገለባ ባርኔጣዋን እንዳደረገች፣ ምርኩዟን ጉልበቷ መሐል ሸጉጣ ፀሐይ ላይ ስትጠብቀው ታየችው። አውቶቡሱን ቆልፎ በከተማ አውቶቡስ ተመለሰ።

በሩን አለፉ። መንገዱ የተነጠፈበት ድንጋይ በዘመናት እግር ተልጎ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ገና ከመግባታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ካርታ አለ፤ በዚያ ዓመት ቅምቡላ የወደቀበት፣ የተቃጠለውና የፈረሰው ሁሉ በምልክት ተነጥቦበታል። ሰዉ ቀና ብሎ አይቶት ያልፋል። እትዬ ሚሉሻ ቆመች።

«አንብብልኝ፤ መነጽር አልያዝኩም።»

መነጽሯ አንገቷ ላይ በክር ተንጠልጥሏል። ቬሊሻ አየው፤ እሷም ማየቱን አየች። እሱ ግን ማንበብ ጀመረ። «ይሄኛው ምልክት ጣሪያው የተመታ… ይሄኛው የተቃጠለ…»  የመንገዶቹን ስም አንድ በአንድ አስነበበችው፤ ልክ ድሮ ሰሌዳ ፊት አቁማ የወንዞችን ስም እንደምታስቆጥረው።

ከዚያ ወደ ቅጥሩ አናት ወጡ። በየአሥር ደረጃው እያረፉ፣ ከኋላ የሚመጣውን ቱሪስት እያሳለፉ። ላይ ሲደርሱ በአንድ ወገን ባሕሩ፣ በሌላው ወገን ጣሪያው ሁሉ ተዘረጋ። አንዳንዱ ጣሪያ የደበዘዘ፣ ሽበት እንዳለበት ራስ ዓይነት ነው፤ የሚበዛው ግን ወጥ ብርቱካንማ ሸክላ ለብሷል።

«የደመቀው አዲሱ ነው አይደል?» አለች እትዬ ሚሉሻ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ብዙ ነው።»

ወደፊት ትንሽ እንደሄዱ ቅጥሩ ከአንድ ቤት ሰገነት ጋር ይገናኛል። ሰባ ዓመት ያለፋት ጥቁር የለበሰች ሴት የአበባ ማሰሮዎቿን ውሃ ታጠጣለች። አሮጊቷ ስታለከልክ አይታ «እናትህ ደክሟታል፤ እዚያ ጥላው ሥር አስቀምጣት» አለችው።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልን» አለ ቬሊሻ።

ሴትዮዋ አነጋገሩን ስትሰማ የማጠጫ ቆርቆሮዋ አየር ላይ ቀረ። «ከየት ናችሁ?»

«ከኒክሺች።»

ቆርቆሮውን መሬት አስቀመጠችው። እትዬ ሚሉሻ ጥላው ሥር ተቀምጣ «ውሃ ይኖርሽ ይሆን፣ እህቴ?» አለቻት። ሴትዮዋ ጥቂት ካመነታች በኋላ ገባችና በብርጭቆ ይዛ ወጣች፤ በመሐላቸው ባለው ዝቅተኛ ግንብ ላይም ለአሮጊቷ አቀበለቻት። ስሟን ስትጠየቅ «ፓቬ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ቬሊሻ የቤቷን ጣሪያ ያያል። ከብርቱካንማዎቹ አንዱ ነው። ዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ አፉ ግን ቀደመው።

«ጣሪያዎ መቼ ነው የታደሰው?»

«እናንተ አገር ያለ ሰው እሱን መጠየቅ አለበት እንዴ?» አለችው።

«ልክ ነዎት» አለ። ከዚያ ወደ ተራራው በአገጩ አመለከተ። «እዚያ ላይ ነበርኩ። አቀባይ ነበርኩ።»

ይህን ቃል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መናገሩ ነበር። ግንቡን ያዘ። ፓቬ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ ሽበቱን፣ የሾፌር ሸሚዙን፣ እጁን።

«ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ሃያ።»

«የኔ ልጅ አሥራ ስምንት ነበር። እሱ ደህና ነው፤ እሱን አታስብ። ባሌ ነው። ቭላሆ ይባላል። ጣሪያው ሲቃጠል በባልዲ ውሃ ይዞ ሲሮጥ ደረጃው ላይ ልቡ ቀጥ አለ። የነካው ብረት ስለሌለ የጦርነት ሟች አይደለም አሉኝ። በየዓመቱ የሟቾች ስም ሲነበብ እኔም ቆሜ እሰማለሁ፤ የሱ አይጠራም።»

«ይቅር ይበሉኝ» አለ ቬሊሻ። 

«እሱን ለኔ አትበለኝ። በቭላሆ ፈንታ እኔ እንዴት ልመልስልህ?» ባዶውን ብርጭቆ ከአሮጊቷ እጅ ተቀበለች። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ከናንተ ዘንድ ስንት ሰው በዚህ ቅጥር አልፏል። ስጠይቅ አንዱ ታሞ ነበር፤ ሌላው ወጥ ቤት ነበር፤ ሌላው ዳቦ ያመላልስ ነበር። ተኳሹን ያገኘሁት ዛሬ ነው።»

ጆሮው እንደ ፍም ጋለ። እሷ ግን ቆርቆሮዋን አንስታ ወደ ማሰሮዎቿ ዞረች፤ አላባረረችውም፤ ደህና ሁንም አላለችውም። ትንሽ ቆይተው ተነሡ።

ሲወርዱ፣ ከደረጃው አጋማሽ ላይ ቬሊሻ ቆመ።

«እትዬ፣ የበርዎን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ከሃዲ ስትል አንድ ፊደል ገድፈሃል። ከክፍሉ ሁሉ ያንን ፊደል የምትገድፍ አንተ ብቻ ነበርክ።» ምርኩዟን ወደ ቀጣዩ ደረጃ አወረደች። «እንዳልፍቀው ያደረገኝም እሱ ነው። የተማሪዬ እጅ ነው፤ ጥፋቱም በከፊል የኔ ነው አልኩ።»

«ኦግኔንስ? ይመጣል?»

«ይደውላል። ቋንቋችንን የማያውቁ ሦስት ልጆች አሉት። ከሞት ይራቅ ብዬ ላክሁት፤ ራቀ። አልተጸጸትኩም። ግን ቤቱ ባዶ ነው፣ ቬሊሻ።»

ቬሊሻ ክንዱን ሰጣትና ደረጃውን ጨርሰው እስከ በሩ ድረስ ሄዱ።

እሑድ ምሳ ላይ ቴዎዶራ ከምትማርበት ከፖድጎሪጻ መጥታ ነበር። ቬሊሻ ማንኪያውን አስቀምጦ ለሁለቱም ነገራቸው፤ አላስጌጠም፤ ታዝዤ ነው አላለም። ዴሳ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች።

«ታዲያ ያ ሁሉ የዳቦ ወሬ?» አለች።

«ውሸት ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ።»

ዴሳ ሾርባውን ቀድታ አስቀመጠችለት፤ ከዚያ ወጥታ ጓሮ ውስጥ ብዙ ቆየች። ቴዎዶራ ግን ቦርሳዋን አንስታ የሚቀጥለውን አውቶቡስ ያዘች። በጋው ሁሉ ለእናቷ እንጂ ለአባቷ አልደወለችም። እሱም አላስቸገራትም፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር ቀና ይልና ዴሳ ክፍሉን ለቃ ስትወጣ መልሶ ያቀረቅራል።

ኅዳር ላይ እትዬ ሚሉሻ አረፈች። ኦግኔን ከልጆቹ ጋር መጣ፤ ልጆቹ መቃብሩ ዳር ቆመው የሚባለው ሳይገባቸው የአባታቸውን ፊት ያዩ ነበር። ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ቬሊሻ ነው። ፔርኮ ፖስተኛው በጠራራ ፀሐይ ሲያለቅስ መሐረቡን አላወጣም፤ ዝም ብሎ ጉንጩ ላይ እንዲደርቅ ተወው።

ቴዎዶራም ለቀብሩ መጥታ ነበር። ሰዉ ሲበታተን አባቷን ተከትላ ቁልቁለቱን ወረደች። መጀመሪያ ከኋላው ትሄድ ነበር፤ ቀስ በቀስ ከጎኑ ሆነች። ከመንደሩ ድልድይ ሲደርሱ በድልድዩ ዝቅተኛ ግንብ ላይ ተቀመጠችና ኮቷን ሰብሰብ አደረገች።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ንገረኝ» አለችው። «እኔ በቃ እስክልህ አታቋርጥ።»

ቬሊሻ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሱቁ ፊት መኪናውን ከጠበቁበት ቀንም ጀመረላት።