ከጭራው የተያዘ ወሬ

እትዬ ብዙአየሁ ወሬ ሲጀምሩ ልጃቸው ሮሐ "እማዬ፣ በናትሽ አሳጥሪው" ትላለች። ስለ አንድ ሠርግ ከተጠየቁ የሚነሡት ከሙሽራዋ አያት ጋብቻ ነውና አይፈረድባትም። ሳታቋርጥ የሰማቻቸው ሆሊውድ ውስጥ ለዓመታት ያስታመሟት አሮጊት ብቻ ናት፤ እሷም አማርኛ አታውቅም፣ ጆሮዋም አይሰማም ነበር።

ሥራ ካቆሙ ወዲህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው የሮሐ የልብስ ሱቅ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይውላሉ። አንድ ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ፣ እዚያው ፊት ለፊታቸው ፓርክ ከተደረገው የቤተ ክርስቲያናቸው ቫን ሥር ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ ያ ውድ የጭስ ማጣሪያ፣ ተቆርጦ ተወሰደ። ሹፌሩ መዝሙር ምንም ሳያውቅ ሞተሩን ሲያስነሣ ቫኑ እንደ ወፍጮ ቤት አጓራ። ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ሌባው እያደገ ሄደ። ጎረቤቱ ጸጉር አስተካካይ ንቅሳት ጨመረለት፤ ሌላው ጭምብል አለበሰው። እትዬ ብዙአየሁም ለጠየቃቸው ሁሉ "ረጅም ነው፣ ንቅሳታም፣ ፊቱን የሸፈነ" ይሉ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን መርማሪ ፖሊስ መጣ። ፍራኦል ይባላል፤ ሎስ አንጀለስ ያደገ፣ አማርኛው ደህና ሆኖ አንቱታ ያመለጠው ጎልማሳ። ሮሐን በትሕትና ወደ ውጭ ላካትና ሱቁ ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጠ።

"ሶ፣ እትዬ፣ ሌሎች ያሉትን ተዪው። ዓይንሽን ጨፍኚና ወደዚያ ቀን ተመለሺ። ሙቀቱ፣ ሽታው፣ ድምፁ... ትዝ ያለሽን ሁሉ ንገሪኝ። ትንሽ ነው ብለሽ እንዳትተዪ። እኔ አላቋርጥሽም።"

እትዬ ብዙአየሁ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ልጄ፣ ምሳ በልተሃል?"

ከቁርሱ ፍርፍር ጀመሩ፤ ጨው በዝቶበት ነበር። በርባንክ ያለችው እህታቸው ደውላ ያለችውን፣ እሳቸውም የመለሱላትን አስከተሉ። ፍራኦል ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ንቅሳቱ ላይ ሲደርሱ ግን ራሳቸው ቆም አሉ። "እሱንስ እኔ አላየሁም። የጸጉር አስተካካዩ ነው።" ጭምብሉም በዚያው ወለቀ።

"ኦኬ፣ በጣም ጥሩ። አሁን ደግሞ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እንሂድ። ቫኑ ከመጮሁ በፊት ምን ሆነ?"

"ሌባው ሄደ።"

"ከመሄዱ በፊት?"

"አመሰገነኝ።"

"ከማመስገኑ በፊትስ?"

"ትራሴን አራግፎ መለሰ..."

አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ግን ዘገዩ። ወሬውን ከራሱ ሲያወሩት የቱ ጋ መዝለል እንዳለባቸው ያውቁ ነበር፤ ከጭራው ሲመጡ መዝለያው ጠፋቸው።

"መካኒክ መስሎኝ ነው!" አሉ ፊታቸው ቀልቶ። "አስፋልቱ እንደ ምጣድ ግሏል፤ ራሱን መሬት ላይ አጋድሞ ሳየው አንጀቴ አልቻለም። ከወንበሬ ላይ ትራሴን አውጥቼ ሰጠሁት።"

"ሌላ የሰጠሽው ነገር አለ?"

"ውሃ። ትንሽ ዳቦም።"

"ቁመቱስ?"

"እኔን አያክልም፣ ሚጢጢ ሰው ነው። 'ማማ' እያለ ነው ያናገረኝ፤ የተባረከ!"

ፍራኦል ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ዓይኑ እንባ አቀረረ። የተቀመጡበትን የቆዳ ትራስ ለማየት ጠየቀ። ገልበጥ ሲያደርገው የደረቀ ግሪስ ላይ አንድ መዳፍ ከነጣቶቹ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ጓንት አጥልቆ በከረጢት ከተተው። በዚያው ወር ሰውየው ጋርዴና ውስጥ ተያዘ፤ ማጣሪያው ግን የት እንደገባ አልታወቀም።

ሮሐ በር ላይ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያልሰማ አልነበረም። መዝሙር የቫኑን በር ከፍቶ እያስገባቸው፣ "እትዬ፣ የሚቀጥለው ሌባ ሲመጣ ፍራሽም አንጥፉለት እንጂ" አላቸው።

"ደክሞት ከመጣ አነጥፍለታለሁ" አሉ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየተቀመጡ። "ግን መጀመሪያ፣ 'ማን ጠርቶህ ነው?' ብዬ እጠይቀዋለሁ።"