«ባዶ ነበረች» የተባለችው ፍላሽ

ብሎን የፍላሿን የብረት አፍ በላጲስ ትፈትጋለች። በግራ እጇ ጣቶች ጫፏን ይዛ፣ በቀኟ ላጲሱን ወዲያና ወዲህ ታመላልሳለች። ከዚያ እፍ ትላታለች፣ ወደ መስኮቱ አዙራ በብርሃን ታያታለች፣ እንደገና ትፈትጋለች። ቆሻሻ ይዟት እንደሆነ ብላ ነው። ከፊቷ የደም መቁጠሪያው ማሽን ጥቁር ስክሪኑን ገትሮ ቆሟል። ጥቁሩ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ተጽፋለች። «የምነሳበት አጣሁ ነው የሚለው» አለች ብሎን፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

ብሎን የልጄ ልጅ ናት። ብሎን ስሟ አይደለም። በአራት ዓመቷ የጎረቤት ሬዲዮ ፈታትታ ብሎኖቹን አፏ ውስጥ ደብቃ ስለተገኘች የወጣላት ነው። «አፍሽን ክፈቺ» ብዬ ሰባት ብሎን አወጣሁ፤ ስምንተኛው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሬዲዮው ያለ እሱም ይሠራ ነበር። እናቷ ሥራ ስትውል ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሁን የጤና ጣቢያው የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ናት፤ ከደም ግፊት መለኪያው እስከ ውሃ ፓምፑ የተበላሸ ሁሉ በእጇ ያልፋል።

የምወስደው መድኃኒት ደም ያጎድላል ስለተባልኩ በየወሩ ደሜን አስቆጥራለሁ። ያን ሐሙስ ጠዋትም ወረፋ ይዤ ላብራቶሪው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ሁሉንም አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁም። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አግዳሚው ሙሉ ነበር።

ማሽኑ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለው። ከሁለት ዓመት በፊት የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ሞተ። ማስታወሻው ሲሞት ማሽኑን የሚያነሳው ፕሮግራም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፣ አብሮ ሄደ። ሠሪዎቹም ያንን ዓይነት ማሽን መሥራት ትተዋል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ «መጋዘን ይግባ» ብሎ ነበር። እምቢ ያለችው ብሎን ናት። ለሠሪዎቹ ስምንት ደብዳቤ ጽፋ መልስ አላገኘችም፤ በዘጠነኛው ሰለቻቸው መሰለኝ ፋይሉን ላኩላት። ፍላሽ ላይ አዘጋጀችው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ጠዋት ጠዋት የሚነሳው ከፍላሿ ነው። አንብቦ ሲጨርስ ትነቀልና ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር በክር ትንጠለጠላለች። ተሰክታ ከዋለች የማሽኑ ሙቀት ያቃጥላታል፤ የመጀመሪያዋን አቃጥሏታል።

ክሩ ላይ የታሰረችውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የማሽኑ ናት። አትንኩ።» ብሎን ናት «ያንቺ ጽሕፈት ትልልቅ ነው እማማ፣ ከሩቅ ይነበባል» ያለችኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከእሷ የአንደኛ ክፍል ደብተር ላይ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነበር። ምን እንደሚል ሳላውቅ በአውራ ጣቴ የፈረምኩበት አንድ ወረቀት የግቢያችንን ግማሽ ወስዶብናል።

ላጲሱ ምንም አልፈየደም። ብሎን ፍላሿን ከራሷ ላፕቶፕ ላይ ሰካችና ማውጫውን ከፈተች።

«ምን ሆነች?» አለች የላብራቶሪ ሠራተኛዋ።

«ተጠርጋለች። የማሽኑ ነገር አንድም የለም። አንድ ፋይል ብቻ አለ፣ ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ የገባ።»

ሠራተኛዋ አንገቷን አስግጋ አነበበች። «‹የንብረት አያያዝ ሥልጠና›። ውይ! ይሄ እኮ ኃላፊው ትናንት ስብሰባ ላይ ያሳዩን ነው!»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው።

ኃላፊው ራሱ መጣ። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሶ ነበርና ጥበቃው ሄዶ ጠርቶት ነው። «ምንድነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለ፣ ቁልፎቹን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ።

«አለቃ፣ ይህቺን ፍላሽ እርስዎ ነዎት የወሰዷት?» አለች ብሎን።

«አዎ፣ የኔ ጠፍታብኝ ለአፍታ ወሰድኳት። መልሼ ቦታዋ ሰቅያታለሁ እኮ።»

«ውስጧ የነበረውስ?»

«ምን ነበረና? ባዶ ነበረች! ገና ስሰካት ኮምፒውተሩ ራሱ ‹ፎርማት ካልተደረገች አትሠራም፣ ላድርጋት?› አለኝ፤ እሺ አልኩት።» ሳቅ አለ። «እንዲያውም አጸዳሁልሽ።»

«ባዶ አልነበረችም። የማሽኑ ፕሮግራም የተጻፈበትን መንገድ የእርስዎ ኮምፒውተር አያውቀውም። ‹ማንበብ አልቻልኩም› ነው ያለዎት።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም።»

ያው ነው! ደሜ ፈላ። እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመት ማንበብ ሳልችል ኖሬአለሁ፤ አንድም ቀን ግን ወረቀቱ ባዶ ነው ብዬ አላውቅም። ይሄ ግን ከልጅነቱ የተማረ ሰው ነው። ክሩን ሲፈታ ወረቀቴ እጁ ላይ ነበረች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ፤ ልጄን ንቆ ነው።

«ኤዲያ፣ መልሰሽ ገልብጪውና ይለቅ» አለ፤ «ሁለት ደቂቃ ነው።» ብሎ ወጣ።

ሁለት ደቂቃ አይደለም። ብሎን አንድ ጊዜ ስጠይቃት እንዲህ ብላ አስረድታኛለች። ፋይሉን እንደ ፎቶ ፍላሽ ላይ መገልበጥ የቁልፍ ሥዕል ኪስ ውስጥ እንደ መያዝ ነው፤ በሩን አይከፍትም። ሥዕሉን አይቶ ቁልፉን የሚቀርጽ ሌላ ፕሮግራም አለ። እሱ ፋይሉን ከፍላሿ የመጀመሪያ ጫፍ ጀምሮ፣ አንድ ሳያዛንፍ መልሶ ይጽፈዋል። ማሽኑ ሲበራ የሚያየው ያንን የመጀመሪያ ጫፍ ነው። እዚያ ላይ የሚነሳበትን ካጣ ወደ ሌላ አይሄድም፣ ጨለማውን ገትሮ ይቆማል።

ደግነቱ ዋናውን ፋይል ላፕቶፗ ላይ አስቀምጣዋለች። በመጀመሪያ ፋይሉ እንዳልተበላሸ ማመሳከር አለባት፤ ሠሪዎቹ ከፋይሉ ጋር የላኩት ረጅም የቁጥርና የፊደል ገመድ አለ። ላፕቶፑ ከያዘው ፋይል የሚያወጣው ገመድ ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። የላፕቶፑን ሠራተኛዋ ታነባለች፣ ብሎን ደብተሯ ላይ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች። መሃል ላይ ሠራተኛዋ አንድ ቁጥር ዘለለች።

«ከመጀመሪያው» አለች ብሎን።

«ኧረ በፈጠረሽ! ሰው ይጠብቃል እኮ።»

«ለዚያ ነው ከመጀመሪያው።»

እኔ ካለሁበት አግዳሚ ላይ ባለ ክራንች ሰውዬ፣ «እኔ ደሜን ላስቆጥር ነበር የመጣሁት፤ እነሱ ቁጭ ብለው የራሳቸውን ይቆጥራሉ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀችው ከእኔ አጠገብ የተቀመጠችው እናት ናት። ልጇ ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ ሐሙስ ሐሙስ መድኃኒት የምትወስድ ልጅ ናት። የደሟ ቁጥር ሳይታወቅ መድኃኒቱ አይሰጣትም።

ፕሮግራሙ የት ላይ ልጻፍ ብሎ ጠየቀ። የፍላሿ ስም አለ፣ የላፕቶፑ የራሱ ዲስክ ስምም አለ። የተሳሳተውን ከመረጡ ላፕቶፑን ሙልጭ አድርጎ ነው የሚጠርገው። ብሎን ተማሪ ሳለች አንድ ጊዜ ተሳስታ የመመረቂያ ጽሑፏን በገዛ ጣቷ አጥፍታለች። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሳታነብ አትጫንም። ያን ጠዋትም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ተጫነች። አረንጓዴዋ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ መሄድ ጀመረች።

ጽፎ፣ የጻፈውን ደግሞ አንብቦ፣ «አሁን መንቀል ይቻላል» እስኪል ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ብሎን ፍላሿን ነቅላ ወደ ማሽኑ ስትዞር ኃላፊው መሃል ላይ ቆሟል። እጁ ላይ ገና ከማተሚያው የወጣ ወረቀት አለ።

«ይሄን ፈርሚ።»

አነበበችው። ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው ያነበበችው፤ አግዳሚው ሁሉ ሰምቷል። «በጥገና ባለሙያዋ ግዴለሽነት የማሽኑ ፕሮግራም በመጥፋቱ አገልግሎት የተቋረጠ መሆኑን አምኜ እፈርማለሁ» ይላል።

«በኔ ግዴለሽነት?»

«ለበላይ አካል ሰልፉ ለምን እንደ ተፈጠረ ማሳወቅ አለብኝ። ሌላ ቅጂ አለማዘጋጀትሽ ግዴለሽነት አይደለም?»

«ሁለተኛ ፍላሽ ይገዛ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ።»

«አላየሁም።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ባለ ክራንቹ። «አያነቡም።»

«አንተ ዝም በል! አንቺም ሳትፈርሚ ማሽኑን አትነኪም።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ተነስቼ ገባሁ። «ልጄ፣ የኔን አውራ ጣት አትርሺ» አልኳት።

«እማማ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ፤ ይሄ የሥራ ጉዳይ ነው» አለ ኃላፊው።

«የኔም ደም ነው የሚቆጠረው፤ የት ልሂድልህ?»

የላብራቶሪ ሠራተኛዋ የብሎንን ክንድ ይዛ ቀስ ብላ፣ «ፈርሚለትና እንገላገል እህቴ። ያቺን ልጅ እያት» አለቻት።

ብሎን ልጅቷን አየቻት። ወረቀቱንም አየችው። ከፈረመች ሥራዋም ስሟም ያልቃል፤ አገልግሎት አቋርጣለች ተብላ ትባረራለች፣ ሌላ ቦታም «ያቺ ፕሮግራም ያጠፋችው» እየተባለች ማን ይቀጥራታል? ካልፈረመች ደግሞ ልጅቷ ያለ መድኃኒት ቤቷ ትመለሳለች። ፍላሿ በግራ መዳፏ ውስጥ ነበረች።

«እስክሪብቶ» አለች።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ጻፈች። ፊርማ ለመፈረም ከሚወስደው ጊዜ በላይ ወሰደባት። ኃላፊው ተቀብሎ የፊርማውን ቦታ ብቻ አየ። «ጎበዝ፣ አሁን ሥራሽን ቀጥይ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ብሎን ፍላሿን ከማሽኑ ኋላ ሰክታ ቁልፉን ተጫነች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ መስመሮች ከላይ ወደ ታች እንደ ዝናብ ወረዱ። ከዚያ ሰማያዊው ገጽ መጣ። ማሽኑ አጉረምርሞ መርፌውን አነሳ። አግዳሚው አጨበጨበ። የመጀመሪያው ደም የልጅቷ ነበር፤ ባለ ክራንቹ ወረፋውን ሰጥቷት ነው። የኔ ሲወጣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ከበሩ ስንወጣ «ምነው ልጄ፣ ፈረምሽ?» አልኳት።

«ፈረምኩ። ግን ከፊርማዬ በላይ ጻፍኩ። ‹አንብቤዋለሁ። እውነት አይደለም። ፍላሿን ወስደው ፎርማት ያደረጉት ኃላፊው ናቸው። ሦስት ሰዓት ከአርባ።›»

«ካነበበውስ ብለሽ አልፈራሽም?»

«እሱ?» አለች። ሁለታችንም መንገድ ላይ ቆመን ሳቅን።

ሳቃችን አልቆየም። ኃላፊው ወረቀቱን ሳያነብ ለበላይ መሥሪያ ቤቱ ልኮት ኖሯል። በማግስቱ ከዚያ ስልክ ተደወለ፤ ያነበበችው እዚያ ያለች ጸሐፊ ናት። እሱም «ከፈረመች በኋላ ሰርቃ የጨመረችው ነው፤ ፍላሿን ነክቼም አላውቅ» አለ። ብሎን ከሥራ ታግዳለች። የላብራቶሪ ሠራተኛዋ «እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ያየሁት የለም» ብላለች። የልጆቿ ጉሮሮ ነው፤ አልፈርድባትም እላለሁ፣ ግን እፈርድባታለሁ። ፍላሿ ላይ የተገኘው የሥልጠናው ፋይል ኃላፊው የወሰዳትን ቀንና ሰዓት ይመሰክር ነበር፤ እሱን ደግሞ ብሎን ማሽኑን ለማስነሳት ስትል ራሷ በላዩ ጽፋበት ጠፍቷል። ማስረጃዋን አጥፍታ ነው ደማችሁን ያስቆጠረችላችሁ።

ጉዳዩ የሚታየው የፊታችን ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት እዚያው ጤና ጣቢያው ነው። እኔ አያቷ ስለሆንኩ ምስክርነቴ አይያዝም ተብያለሁ።

ስለዚህ ያን ሐሙስ ጠዋት አግዳሚው ላይ የነበራችሁ፣ ሰማያዊውን የወረፋ ካርድ ይዛችሁ በሩ ላይ የቆማችሁ፣ አንተ ባለ ክራንቹ፣ አንቺም ልጅሽን ጭንሽ ላይ ያስተኛሽው እናት፣ ይህን ካነበባችሁ ወይም ሰው ካነበበላችሁ፣ እለምናችኋለሁ። «ባዶ ነበረች፤ እሺ አልኩት» ሲል ሰምታችኋል። የሰማችሁትን ብቻ፣ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ፣ ወረቀት ላይ አስፍሩና ይዛችሁ ኑ። መጻፍ የማትችሉ ካላችሁ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ እጠብቃችኋለሁ። የነገራችሁኝን በትልልቁ እጽፍላችኋለሁ። ሦስት ጊዜ አነብላችኋለሁ። ልክ ነው ካላችሁ ብቻ ፈርሙበት።