ፈታኙ ሊቀምስ ወጣ

ሰፈሩ ሁሉ «ፈታኙ» ነው የሚለው። ጡረታ ከወጣ ሰንብቷል፣ ስሙ ግን ጡረታ አልወጣም። ዕድሜውን ሙሉ ከመንጃ ፈቃድ ተፈታኞች ጎን ተቀምጦ ኖረ። ቀበቶውን ያስራል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ከዚያ ሰው እስኪሳሳት ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሥራው ይኸው ነበር። በደንብ የነዳን ሰው «ጎበዝ» ማለት የሥራው አካል አይደለም፤ በደንብ መንዳት ግዴታ ነው፣ ለግዴታ ደግሞ ምን ምስጋና ያስፈልገዋል? አንዱን ወጣት፣ አንዲት ስህተት ሳይሠራ ነድቶ በደስታ ዞር ቢልበት፣ «መስታወት ስታይ አንገትህን ማዞር አበዛህ» ብሎ ጥሎታል ይባላል። ሐሜት ነው የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን አስተባብሎ አያውቅም።

ይህ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ፈተናው አያልቅም ነበር። ተፈታኟ ሚስቱ ናት፣ የመፈተኛው ቦታ የምግብ ጠረጴዛው ነው። ምግብ ሲቀርብለት እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጨዉ ነው። ጨው ይነሰንሳል፣ ቁንዶ በርበሬ ይደፋል፣ ያማስላል፣ ከዚያ ይቀምስና ፊቱን ያጨማድዳል። «በዝቷል» ይላል። ያበዛው ራሱ መሆኑን ማን ደፍሮ ይንገረው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሚስቱ ጨው ብትጨምር ጨመረ፣ ብትቀንስም ጨመረ፣ አንዳንዴ ከነጭራሹ ብትረሳውም ያው ያንኑ ያህል ጨመረ። ሴትዮዋ ዝም አለች። የዝም ያለ ሰው ነገር ደግሞ ይታወቃል፤ ሲመጣ አንዴ ነው።

የመጣው የልጃቸው አማቾች ምሳ የተጠሩ ዕለት ነው። ሚስቱ ከንጋት ጀምራ ኩሽና ውስጥ ስትንጎዳጎድ አርፍዳ፣ ላቧን እንኳ ሳትጠርግ አቀረበች። እንግዶቹ ገና ማንኪያ ሲያነሱ ፈታኙ ጨዉን እየነሰነሰ፣ «ይቅርታ አድርጉልን፣ የኛ ቤት ምግብ እርዳታ ይፈልጋል» አለ። እንግዶቹ ሳቁ። ሚስቱ ግን የሱን ማንኪያ ነበር የምታየው። ማንኪያው ደርቆ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ከሳህኑ ጎን እንደተጋደመ ነው።

«ሳትቀምሰው!» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሳትቀምሰው ነው እንዴ?»

እንግዶቹ ሲሸኙ እሷም ሻንጣዋን ይዛ አብራ ተሸኘች። በር ላይ ቆማ፣ «ያበሰልኩትን ቀምሰህ፣ በገዛ አፍህ ጥሩ ነው ካላልከኝ ደጅህን አልረግጥም» ብላ ወደ ልጃቸው ቤት ሄደች።

«ታገኘዋለች!» አለ ፈታኙ ለተዘጋው በር።

ያገኘው ግን እሱ ነው። ቀኑን በዳቦና በቆርቆሮ ዓሣ ይገፋው ጀመር። ሸሚዙን ራሱ ሊተኩስ ሞክሮ ኮሌታውን አቃጠለ። ማታ ዜና እያየ «ሰማሽ?» ብሎ ወደ ጎን ይዞራል፣ ጎኑ ወንበር ብቻ ነው። ናፍቃዋለች። ግን ደውሎ አንዲት ቃል ይበል? ሞቶ ነው! ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ተቀመጠ።

ፋርማሲስት ልጃቸው በየሳምንቱ ትመጣለች። «እማዬ ሥራ ይዛለች» አለችው አንድ ቀን።

«በዚህ ዕድሜዋ? ምን ሥራ?»

«ደውለህ ጠይቃታ።»

አልደወለም። የልደቱ ቀን ሲደርስ ልጁ ስጦታ ይዛ መጣች፤ በእግር እየዞሩ ምግብ የሚቀምሱበት ጉብኝት፣ ያውም ከነአስጎብኚው።

«ሰው ቆሞ እየዞረ ይበላል እንዴ? ቁጭ ብሎ መብላት ምን ሆነ?»

«አባዬ፣ እምቢ ካልክ ቅዳሜም የዓሣ ቆርቆሮህን ክፈት።»

ሆድ የማያሸንፈው ኩራት የለም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኮሌታው የተቃጠለውን ሸሚዝ በሹራብ ሸፍኖ ሄደ።

ሰፈሩን ያውቀዋል። ድሮ ጋራዥና የብረት መሸጫ የሞላበት ነበር፤ በዚያች ጠባብ መንገድ ስንቱን ተፈታኝ ወደ ኋላ አቁም እያለ አስለቅሷል። አሁን ጋራዦቹ ምግብ ቤት ሆነዋል። ከወለሉ ላይ የሞተር ዘይቱን እንኳ አላጠቡትም። ሰነፎች ሆነው አይደለም፣ «ታሪክ ነው» ይላሉ። ወዛደሩ እያለ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ቆሻሻ፣ ወዛደሩ ከተባረረ በኋላ መብራት አብርተውበት ፎቶ ያነሱታል።

አስጎብኚው ቀጭን ጢም ያሳደገ ልጅ ነው። በየሰዉ ደረት ላይ የማንኪያ ሥዕል ለጠፈ። ቡድኑ ውስጥ ሁሉንም ነገር ፎቶ የሚያነሱ አዲስ ሙሽሮች አሉ፤ ሁሉንም ነገር የምታውቅ የጥርስ ሐኪምም አለች። አስጎብኚው ፊቱን ወደ ሰዉ አድርጎ፣ የኋሊት እየሄደ ያወራል።

«ወደ ኋላ ስትሄድ ዞረህ እይ» አለው ፈታኙ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ» አለና ልጁ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመ። ፈታኙ ከሚስቱ መሄድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው።

መጀመሪያ ዳቦ ቤት ገቡ። ትልቅ ጣውላ መጣ፤ ጣውላው ላይ አውራ ጣት የምታህል ቁራሽ ዳቦ። «ይህ እርሾ ስም አለው፣ ሙዚቃም ይከፈትለታል» አለ አስጎብኚው። ሙሽሮቹ ዳቦዋን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሷት። የጥርስ ሐኪሟ ዓይኗን ጨፍና አኘከችና፣ «የዝናብ ጣዕም አለው» አለች። ፈታኙ ቁራሹ መዋጡንም እርግጠኛ አልነበረም።

ቀጥሎ ወንበሩ የመኪና ጎማ የሆነበት ቤት ተወሰዱ። ፈታኙ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ከአገጩ እኩል ሆነ። ሁለት የዓሣ ስስ ቁራጮች በጠፍጣፋ ድንጋይ ቀረቡለት። እጁ እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ላይ ፈለገ፣ አጣ።

«ጨው አምጡልኝ» አለ።

ሙሽሮቹ ፎቶ ማንሳታቸውን አቆሙ። አስጎብኚው ጎንበስ ብሎ፣ ለታመመ ሰው በሚነገርበት ድምፅ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ጉብኝት ጨው አይጠየቅም። ያበሰለውን ሰው መስደብ ነው» አለው።

«መስደብ? እኔ ቤቴ ሁልጊዜ ነው የምጨምረው!»

«ውይ፣ ሚስትዎ ታሳዝናለች» አለች የጥርስ ሐኪሟ። ፈታኙ ዓሣውን ዋጠ።

ሦስተኛው ቤት ሲደርሱ እግሩ ዝሏል፣ ሆዱ ይጮኻል። ድሮ የወንበር ልብስ የሚሰፋበት ክፍል ነበር፤ አሁን ረጃጅም አግዳሚዎች ተደርድረው፣ በስተኋላ በመጋረጃ የተጋረደ ኩሽና አለው። «እዚህ ምርጫ የለም» አለ አስጎብኚው እጆቹን አጋጥሞ። «እናታችን የሠሩትን እንበላለን። በቅርቡ ነው ያገኘናቸው፤ ሰዉ አሁን ለሳቸው ሲል ይሰለፋል።» ሾርባ አመጡ፤ የአጥንትና የአትክልት ሾርባ፣ በጎድጓዳ ሳህን፣ ድንጋይም ጣውላም የሌለበት። ጨውም የለም።

ፈታኙ ማንኪያውን አነሳ። ምን ያድርግ፣ ተርቧል። ቀመሰ።

ቆም አለ። ደግሞ ቀመሰ። መጀመሪያ የአጥንቱ መረቅ መጣ፣ ከሱ በኋላ የካሮቱ ጣፋጭነት፣ ከዚያ በቀስታ የተቁላላው ሽንኩርት። ጉሮሮው ላይ ሳይቆረቁረው ሲወርድ ደረቱ ሞቀው። አንገቱን ደፍቶ ይበላ ጀመር። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በቁንዶ በርበሬ ካልሆነ በቀር ምግብ ፊት አልቅሶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ምግብ በዓለም ላይ ኖሮ እኔ ሳላውቀው ላረጅ? ብሎ ተቆጨ።

አስጎብኚው ስልኩን ደቀነበት። «ጋሼ፣ አንድ ቃል ይበሉን እስቲ!»

«ቃል?» አለ ፈታኙ፤ ተነሥቶ ቆመ። «ይህን የሠራች ሴት እጇ ይባረክ! ምግብ ማለት ይሄ ነው! ተርቤ የኖርኩ ሰው ነኝ እኔ። ሠላሳ ዓመት፣ ገዛ ቤቴ ውስጥ፣ ባለትዳር ሆኜ ተርቤ ነው የኖርኩት! ሚስቴ እዚህ መጥታ ከዚህች ሴትዮ ትማር!»

ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። «እናታችን፣ ይህንንማ መጥተው ይስሙ!» ብሎ ተጣራ አስጎብኚው።

መጋረጃው ተከፈተ። ሚስቱ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች።

«መጥታለች» አለች።

ፈታኙ ተቀመጠ። ሳህኑን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ተመልሶ ሳህኑን አየ። ያው ሾርባ ነው! በየሳምንቱ ሐሙስ ስታቀርብለት፣ እሱ ጨውና በርበሬ ደፍቶ ሲያበላሸው የኖረው ሾርባ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዚህ ሰውዬ ደግሞ ምላሱ ነው ባዳ።

«ይተዋወቃሉ እንዴ?» አለ አስጎብኚው፣ ስልኩን ሳያወርድ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች።

ፈታኙ ራሱን አሰባሰበ። ነገሩን ሲያሰላው እንዲያውም ተመችቶታል፤ ቀምሷል፣ አመስግኗል፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል። «በቃ እኮ፣ አልኩልሽ!» አለ። «ቀምሼ፣ በገዛ አፌ። ሻንጣሽን ይዘሽ ነይ፣ ቤታችን እንሂድ።»

«ለኔ አላልክም። ያመሰገንካት የማታውቃትን ሴት ነው። ለሚስትህ የደረሳት ስድቡ ነው።» ጭልፋዋን በሽርጧ ጠረገች። ልታለቅስ ትንሽ ቀርቷት ነበር፣ ግን ዋጥ አደረገችው። «አሁን ማን እንደሠራው አውቀሃል። ሳህንህን ጨርስ። ከጨረስክ በኋላም ያው የሚመስልህ ከሆነ፣ ኩሽናው ያውልህ፣ ገብተህ ንገረኝ። እውነትህን ከሆነ ዛሬውኑ እመለሳለሁ።»

መጋረጃው ተዘጋ። የጥርስ ሐኪሟ እንኳ የምታውቀው ነገር አጣች። ቡድኑ ወደ ጣፋጭ ቤት ሊሄድ በጣት ጫፍ እየተራመደ ወጣ፤ ሙሽራው ሲወጣ ትከሻውን ቸብ አድርጎት፣ «ቀላል ነው አባቴ፣ ሁለት ቃል ነው» አለው።

ሁለት ቃል ነው። እጅሽ ይባረክ። ፈታኙ ሾርባውን እስከ ጠብታው ጨረሰ፤ ያው ነበር፣ እንዲያውም ይበልጥ ጣፈጠው። ተነሣ፣ ሹራቡን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። እጅሽ ይባረክ፣ እጅሽ ይባረክ እያለ በልቡ ሸመደደውና መጋረጃውን ገለጠ።

ኩሽናው ጠባብ ነው። ሁለት ወጣት ሴቶች ካሮት እየላጡ ነው፤ ሚስቱ መክተፊያው ላይ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሲገባ ቢላዋን አስቀመጠችና ዞረች። ፊቷ ላይ ያልጠበቀው ነገር አየ፤ ተስፋ አድርጋለች። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ አድርጋ አይታው አታውቅም፣ ወይም ታየው ነበር እሱ ግን ጨው ሲነሰንስ ኖሯል። እወድሻለሁም ሊላት ከጀለው። አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን፣ ያ የተረገመ ዓይኑ፣ መክተፊያው ላይ አረፈ።

«ሽንኩርቱ» አለ፣ «ትንሽ ደቀቅ ቢል...»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አንደኛዋ ወጣት አፏን በእጇ ያዘች። ሚስቱ አየችው፤ ከዚያ ሳቀች፣ ከልቧ፣ ወገቧን ይዛ።

«አላልኳችሁም?» አለች ለሁለቱ ወጣቶች። ቢላዋን አነሳችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። «ሂድ አሁን፣ ቡድንህ ጥሎህ ይሄዳል።»

«ቆይ፣ እኔ እኮ ልል የፈለግሁት...»

«ሂድ በቃ። ቀጣዮቹ መጥተዋል።»

እውነትም ደረታቸው ላይ ማንኪያ የለጠፉ ሌሎች ሰዎች አግዳሚውን ሞልተውት ነበር። በመሐላቸው ተሽሎክሉኮ ወጣ። መንገዱ ላይ የኋሊት የሚሄደው ልጅም ሙሽሮቹም የሉም። የድሮው ጋራዥ ግድግዳ ጥግ ቆሞ ሳለ ስልኩ ጠራ፤ ልጁ ናት።

«አባዬ፣ እንዴት ነበር?» አለችው በጉጉት።

«ምግቡ...» አለና ወደ ምግብ ቤቱ ዞሮ አየ። «ምግቡማ ልጄ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም።»

«እሰይ! እሰይ የኔ አባት! ለእማዬ ነገርካት?»

ፈታኙ ደረቱ ላይ የተለጠፈውን ማንኪያ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

«ለሷማ» አለ፣ «ስለ ሽንኩርቱ ነገርኳት።»