የሪፍኪ ቤይ የሚዛን ፖሊሲ

የእህቴ ባል ሪፍኪ ዕድሜውን ሙሉ አንካራ ውስጥ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሻይ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ሻይ ማመላለስ አያሳፍርም፤ እኔም ሚኒባስ ነጂ ነኝ። የሚያሳፍረው፣ ሻይ ያቀረበበትን ስብሰባ ሁሉ ራሱ የመራው እየመሰለው መኖሩ ነው። አምባሳደር ፊት ብርጭቆ ማስቀመጥና አምባሳደር መሆን እንደተምታቱበት ጡረታ ወጣ። ከወጣም በኋላ ጠዋት ጠዋት ክራቫቱን አስሮ ሰፈራችን ሻይ ቤት ይመጣና የዓለምን ጉዳይ ያብራራልናል።

«እኛ ድልድይ ነን» ይላል፣ አንድ እጁን ወደ ምሥራቅ፣ አንዱን ወደ ምዕራብ ዘርግቶ። «ሩስያም ያለኛ አይሆንላትም፣ አውሮፓም ያለኛ አይሆንላትም። ትልቁ ጥበብ ምን መሰላችሁ? እሺም እምቢም አለማለት።»

«ታዲያ ሪፍኪ ቤይ፣ እኔ ተሳፋሪው ‹ወራጅ አለ› ሲለኝ እሺም እምቢም ካላልኩ ምን ይውጠኛል?» አልኩት አንድ ቀን፤ «ቤይ» በኛ «አቶ» እንደማለት ነው።

«አንተ የመንገድ ሰው ነህ፣ አይገባህም» አለና ሻዩን አማሰለ።

መንግሥት በሁለት ቢላ ቢበላ ይሁን። ጦር አለው፣ ባሕር አለው፣ አንዱ ቢያኮርፈው ሌላው ይመጣለታል። ሪፍኪ ግን ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

ልጅቱ ጉልቺን ትባላለች። እህቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ስትሞት «አባትሽን አደራ» ብላት ስለሄደች፣ ቀን ፋርማሲ ስትሠራ ትውልና ማታ ለእሱ ታበስላለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ ስለ ዓለም ሰላም ሲያወራም ታዳምጠዋለች። ይቺን ልጅ ሁለት ቤተሰብ ጠየቃት። አንዱ የአንታልያው ነጋዴ የሃሊስ ቤት ነው፤ ሃሊስ ወደ ሩስያ ቲማቲም ይልካል፣ ልጁ ቱንጃይ ይባላል። ሌላው ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ፣ የአትክልት ሱቅ ያለው የቬይሰል ቤት ነው። የጉልቺን ልብ ቱንጃይ ላይ ነበር። ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም። ልጁ አንካራ በመጣ ቁጥር ሳል ሳይዘው የሳል ሽሮፕ ሊገዛ ፋርማሲው ይሄድ ነበርና።

በኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመጣ ቡናውን የምታቀርበው ልጅቱ ናት። የጎረምሳውን ስኒ ስኳር በመጨመር ፈንታ ጨው ትሞላዋለች፤ ፊቱን ሳያጨማድድ ከጨረሰው ይችላታል ይባላል። ጨዋታ ነው፣ ያስቃል። ነገር ግን ለማትፈልገው ወንድ ጨው የምታባክን ልጅ የለችም።

ሃሊስ መጀመሪያ ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ዕለት ጉልቺን ጨውን በማንኪያ ቆልላ ይዛ ስኒው ላይ ልትገለብጥ ስትል ሪፍኪ ማድ ቤት ገባና እጇን ያዛት።

«ጨው አቋም ነው» አላት። «እኛ አቋም አንይዝም። ለሁሉም መካከለኛ ስኳር።»

ቱንጃይ መካከለኛ ስኳር ጠጥቶ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ የቬይሰል ልጅም መካከለኛ ስኳር ጠጥቶ ሄደ። ሁለቱም አባቶች «ምን ይሉናል ታዲያ?» ሲሉ ሪፍኪ «ጉዳዩን በአዎንታ እያየነው ነው» ይል ነበር። ይህን አነጋገር ሻይ ሲያቀርብ ሰምቶ መሆን አለበት።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ልጁን በቴሌቪዥን ዜና ይመራት ጀመር። የሩስያ አውሮፕላን በእኛ ጦር ተመትቶ ወድቆ ሩስያ ቲማቲማችንን እምቢ ያለች ጊዜ የሃሊስን ስልክ ማንሳት ተወ። ለቬይሰል ግን ባቅላቫ በፖስታ ላከ፤ ባቅላቫ ለጀርመን! ምስኪኑ ሃሊስ አንካራ ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆሞ፣ «ሪፍኪ ቤይ፣ እኔ እኮ ቲማቲም ነው የምሸጠው፤ አውሮፕላን አልጣልኩም» ብሎት ነበር። በኋላ ከሩስያ ጋር ታርቀን ከጀርመን ጋር መሰዳደብ ስንጀምር፣ ሃሊስ «ወንድሜ» ሆነ፣ ቬይሰል ደግሞ «ግንኙነታችን አስቸጋሪ ምዕራፍ ላይ ነው» ተባለ። ቬይሰል እንኳን ምዕራፉ፣ መጽሐፉም አልገባውም።

«አባባ፣ አንድ ቃል ብቻ» አለችው ጉልቺን አንድ ቀን እኔ ባለሁበት። «ለሃሊስ እሺ በለው። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

«እሺ ካልንማ ማን ይለምነናል?» አላት።

ደሜ ፈላ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ አንተ ሰውዬ!» አልኩት። እሷን ደጅ አውጥቼ፣ «ጥለሽው ሂጂ፣ እኔ አለሁልሽ» አልኳት። «የእማማ አደራ አለብኝ፣ አጎቴ» አለችኝ። እህቴን በሕይወቴ የተቀየምኳት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሄደ። በመጨረሻ ሪፍኪ ትልቁን ዘዴ አመጣ፤ ሁለቱን ቤተሰቦች በበዓል ቀን ባንድ ላይ ጠራ። «ይተያዩ፤ ሲተያዩ ዋጋችን ይጨምራል» አለኝ። ሃሊስንና ቱንጃይን በምሥራቅ በኩል ባለው ሶፋ፣ ቬይሰልንና ሚስቱን፣ ልጁንና ሴት ልጁን በምዕራብ በኩል አስቀመጠ። ራሱ መሀል ወንበር ስቦ ክራቫቱን አስተካክሎ ተቀመጠ።

ጉልቺን ትሪውን ይዛ መጣች። አስቀድማ ማድ ቤት ሆና ጨው ዕቃውን በእጇ ይዛ በበሩ በኩል አባቷን ስታየው አይቻለሁ። እሱ ራሱን ነቀነቀባት። ቱንጃይ አንዴ ቀመሰ፤ ጣፋጭ ነው። ስኒውን አስቀመጠና ቀና ብሎ አያት። እሷ አቀርቅራ ቆመች። ከዚያ በኋላ ስኒውን አልነካውም።

«ቬይሰል ቤይ» አለ ሃሊስ ወደ ማዶው ሶፋ ዞሮ፣ «እናንተ ጋ ቲማቲም ኪሎው ስንት ይሄዳል?»

ቬይሰል ነገረው። ሃሊስ ዓይኑ ፈጠጠ። «ከስፔን ነው የሚመጣልን፤ ውሃ ውሃ ይላል እንጂ ጣዕም የለውም» አለ ቬይሰል፣ ወደፊት ጎንበስ ብሎ። «የእኔን ቅመሰውና ከዚያ አውራኝ!» አለ ሃሊስ። ሁለቱ በሪፍኪ ጉልበት ላይ እየተንጠራሩ ሲያወሩ ቆዩና በመጨረሻ ቬይሰል፣ «ሪፍኪ ቤይ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ጠጋ ይሉልን?» አለው።

ጠጋ አለላቸው።

ቲማቲሙ ኮሎኝ ገባ። ከቲማቲሙ በኋላ ቱንጃይና የቬይሰል ሴት ልጅ ታጩ። ልጁ ከሠርጉ በፊት አንዴ ፋርማሲው መጥቶ፣ «ሦስት ዓመት ጠበቅኩ፤ አንድ ማንኪያ ጨው ነፈግሽኝ» እንዳላት ጉልቺን ራሷ ነገረችኝ። ምን መለስሽለት ብላት፣ «ሽሮፕ ልስጥህ ወይ አልኩት» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ሪፍኪ የሠርግ ጥሪ ሲደርሰው ያዝናል ብላችሁ ነው? ደስታው! «ያገናኘኋቸው እኮ እኔ ነኝ» እያለ ሻይ ቤቱን ዞረ። እኔም ጉዱን ልይ ብዬ በሚኒባሴ ወሰድኩት። አዳራሹ በር ላይ አስተናጋጁ፣ «የሙሽራው ወገን ነዎት ወይስ የሙሽሪት?» ብሎ ጠየቀው።

«የሁለቱም» አለ ሪፍኪ ደረቱን ነፍቶ።

አስተናጋጁ አየው። «የሙሽራው በቀኝ፣ የሙሽሪት በግራ ነው አባቴ። የሁለቱም የሚባል ጠረጴዛ የለንም።» ከዚያ ከሙዚቀኞቹ ጀርባ፣ የማድ ቤቱ በር አጠገብ፣ ሁለት ወንበር ፈለገልን። ትሪ ተሸካሚዎቹ እየገፉን ያልፉ ነበር። ከዋናው ጠረጴዛ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሻይ ያቀረበው ሰው ሻይ ሳይደርሰው ሠርጉ አለቀ።

ቤት ስንገባ ጉልቺን ቁጭ ብላ ትጠብቀናለች።

«እንዴት ነበር አባባ?»

«በጣም ጥሩ። ሁለቱም ወገን አከበሩኝ።»

እሷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ተነስታ ማድ ቤት ገባች። አንድ ስኒ ቡና አፍልታ መጣችና ፊቱ አስቀመጠችለት። አንዴ ፉት አለና ቆመ።

«ጉልቺን… ይሄ ነገር…»

«የቱንጃይ ነበር አባባ» አለችው። «ጠጣው።»

ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ እስከ አተላው ጠጣው። ፊቱን ግን አላጨማደደም። ዲፕሎማት አይደል!