የእትዬ ውባለም ሚስኮል

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል የምሸጠውና የምጠግነው ብሌን እኔ ነኝ። እንጀራዬ ሰውን ስልክ ማስቀየር ነው። ኔትወርኩ ከፍ ባለ ቁጥር ከተማው ወደ ሱቄ ይጎርፋል፤ የትናንቱን ወርውሮ የዛሬውን ይገዛል። እኔን ያሸነፉኝ አንድ ሴት ብቻ ናቸው። እትዬ ውባለም ይባላሉ፤ ከከተማው በታች መስኖው ዳር ሽንኩርት ያለማሉ፤ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠው ይዞራሉ።

ስልኩን የገዙላቸው ባላቸው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ያኔ የኔትወርክ ማማው ገና መተከሉ ስለነበር፣ እትዬ ጉብታ ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ጣርማ በር አዙረው "አሎ! አሎ!" እያሉ ይጮኹ ነበር አሉ። ቆይቶ ስሪ ጂ መጣ።

"እትዬ፣ ይቀይሩ እንጂ! የልጅ ልጅዎን ፎቶ ያዩበታል" አልኳቸው።

"ልጁን ይዘውልኝ ይምጡ። ፎቶ ይሳማል እንዴ?"

ፎር ጂ ሲገባ ደግሞ ገና አፌን ስከፍት አቋረጡኝ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ድምፄ ይሰማል? ይሰማል። ታዲያ ምን ጎደለኝ?" ቅጥል አልኩ። ጀርባው በላስቲክ የታሰረ ስልክ ይዞ ይሄ ሁሉ ኩራት ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው!

ጣጣው የመጣው በውሃው ነው። በእኛ ቆላ ሽንኩርት ዝናብ ጠብቆ አይሆንም፤ ከሮቢ ወንዝ በቦይ፣ በተራ ይጠጣል። ተራውን የሚይዙት የውሃ አባቱ ጋሽ ይልማ ናቸው። ድሮ በየማሳው እየዞሩ ይጣሩ ነበር። ስልክ ከመጣ በኋላ ሚስኮል ሆነ። ለባለተራው አንዴ ያቃጭላሉ፤ "ውሃ ልለቅ ነው፣ ቦይህን ክፈት" ማለት ነው። ባለተራውም አንዴ መልሶ ያቃጭላል፤ "ደርሶኛል" ማለት ነው። መልስ ካጡ ራሳቸው ሄደው ደጁን ያንኳኳሉ እንጂ ውሃውን ለሌላ አያሳልፉም። በዚህ ስንት ዘመን ያለ ጠብ ተኖረ።

ዘንድሮ እዮኤል የሚባል፣ ኮሌጅ ጨርሶ የተመለሰ ልጅ የመስኖ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነ። "በፎር ጂ ዘመን ሚስኮል ነውር ነው" ብሎ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። ተራ እዚያ ይለጠፋል፤ እዚያው "ደርሶኛል" ብሎ ያልጻፈ ተራው ያልፈዋል። ጋሽ ይልማም ውሃውን ብቻ እንዲለቁ፣ ስልኩን እንዲተዉት ተነገራቸው። አልዋሽም፣ ያን ሳምንት ገበያዬ ደርቶ ነበር። እትዬ ውባለም ግን ሚስኮል ሲጠብቁ ዋሉ፤ ውሃውም አልፏቸው ወደ ታች ወረደ።

ሽንኩርት ራስ መቋጠር በጀመረ ጊዜ ተራ ማጣት ቀልድ አይደለም። የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆነ። ሌላ ተራ ደግሞ ቢያመልጣቸው ማሳው አለቀለት፤ የዓመት ጉሮሯቸው ደግሞ እሱ ነው። አንጀቴ አልችል ብሎ አንድ ታች ስክሪን ስልክ ይዤላቸው ሄድኩ።

"በነፃ ይውሰዱት፣ በእናትዎ!"

"አንቺ ልጅ፣ ውሃው የሚመጣው በቦይ ነው በዚህ?"

"ተራዎን እንዲያውቁበት ነው እኮ!"

"ተራዬን ጋሽ ይልማ ያውቁታል። አፍ አላቸው። ስልክ አላቸው። እኔም ስልክ አለኝ። የጠፋው ስልክ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው።"

ስልኬን ይዤ ተመለስኩ።

ተራው ዞሮ የደረሰ ቀን፣ ማለዳ፣ "እትዬ ውባለም ቦይ ውስጥ ተቀምጠዋል" የሚል ወሬ ሱቄ መጣ። ቆልፌ በባጃጅ ከነፍኩ። እውነትም ውሃው ወደየማሳው የሚከፈልበት ላይ፣ ጭቃው ውስጥ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተደላድለዋል። ሰው ከቧቸዋል።

"እትዬ፣ ይነሱ እባክዎ" ይላል እዮኤል። "ግሩፑ ላይ ለጥፈን አልመለሱም። ተራው ለዘምዘም አልፏል።"

"ሰው ይጠራል እንጂ አይለጠፍም! ባሌ ይህን ቦይ ከአባትህ ጋር ሲቆፍር ማን ለጠፈው? በስሙ ጠርተውት ነው የመጣው። እኔንም ጥሩኝ!"

"ፊቴ ተቀምጠው ምን ብዬ ልደውል?"

"ደውል! ሰርቄ አላጠጣም፤ ሳልጠራም አልነሳም።"

ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። ከዚያ ሁሉም ወደ ዘምዘም ዞረ። የታችኛው ማሳ ባለቤት ናት፤ አዲስ ስልኳን ከእኔ ነው የገዛችው፤ የእሷም ሽንኩርት ውሃ ጠምቶታል። ጎትታ ልታስነሳቸው መስሎኝ ነበር። ዘምዘም አካፋዋን መሬት ላይ ተከለች።

"ወላሂ አልነካውም! እትዬ ውቤ ሳይጠሩ የሚለቀቅ ውሃ ለእኔ ሐራም ነው። ዛሬ እሳቸውን ያለፈ፣ ነገ ስልኬ ቻርጅ ሲጨርስ እኔን ያልፈኛል።"

እዮኤል አፉን ሊከፍት ሲል፣ ከኋላ የቆሙት ጋሽ ይልማ የኮታቸውን ኪስ ዳበሱ። የሚያወጡትን ባየሁ ጊዜ ሳቄ መጣ፤ እሳቸውም ያችኑ ባለ ቁልፍ!

"ጋሽ ይልማ፣ ተስማምተን አልነበረም እንዴ?" አለ እዮኤል።

"እናንተ ተስማማችሁ፤ እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬም ዛሬ በቃ" አሉና ተጫኑት።

ከእትዬ ውባለም ደረት አንዴ አቃጨለ። ጋሽ ይልማ ዘጉ። እትዬ ጣታቸውን ከጭቃው በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ሳይቸኩሉ፣ መልሰው ደወሉ። ጋሽ ይልማ እጅ ላይ አንዴ አቃጨለ። ደርሶኛል! ስልክ ሻጭዋ እኔ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"አሁን ተጠራሁ" አሉ። ዘምዘም እጃቸውን ይዛ አነሳቻቸው፤ በገዛ አካፋዋም ቦያቸውን ከፈተችላቸው።

ግሩፑ አልፈረሰም፤ እዮኤል አሁንም ይለጥፋል። ጋሽ ይልማ ግን ሳያቃጭሉ፣ መልስም ሳይሰሙ፣ ለማንም ውሃ አይለቁም።

በቀደም እትዬ ውባለም ከሰበሰቡት ሽንኩርት ይዘውልኝ መጡ፤ ለስልካቸውም አዲስ ላስቲክ ጠየቁኝ። እያሰርኩላቸው ነገር ፈለግኩ። "እትዬ፣ ፋይቭ ጂ ሊመጣልን ነው አሉ።"

"ይምጣ!" አሉኝ። "ደጄ ሲደርስ ግን ስሜን ጠርቶ ይግባ።"